ሳቅ እስኪተረጎም

ዘንድሮ ክረምቱን የማሳልፈው ቦንጋ ነው። ቢታ ገነት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ፀጉሬን ሽበት ከጀመረው በኋላ ዲግሪዬን ልያዝ ብዬ በክረምት መርሐ ግብር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ከምሳ በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ካፌው በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ አራት ሴት ተማሪዎች አንድ ስልክ በለስላሳ ጠርሙስ አስደግፈው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ይመለከቱ ነበር። ታሪኩ ስለ አንዲት ጠበቃና ስለ ልብ ጓደኛዋ መሆኑን ሳላይ፣ ከልጆቹ ጭቅጭቅ ብቻ ተረዳሁ። ትንሽ ቆይታ አምስተኛዋ ልጅ ደብተሯን አናቷ ላይ ይዛ ከዝናቡ እየሮጠች ደረሰች።

«ምን ሆኑ? ታረቁ?»

«ቁጭ በይና እዪ። ሲያልቅ እነግርሻለሁ።»

«አሁን ካልነገርሽኝ ቻርጀሬን ሁለተኛ አላውስሽም።»

ነገረቻት። ጆሮዋ ላይ ተደፍታ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ደስ ብሎኝ ሳያቸው አንደኛዋ ዞር ብላ «እትዬ፣ ረበሽንዎት መሰለኝ» አለችኝ። አልረበሻችሁኝም አልኳት። «በእናንተ ጊዜስ እንዲህ ያለ የሴቶች ድራማ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነበር፤ እኛ ግን እንደ እናንተ ቶሎ አንስቅም ነበር» ስላት ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። ማስረዳት ስጀምር የክፍል ሰዓት ደረሰና ተለያየን። ለእሷ ያልጨረስኩላትን እዚህ ልጨርሰው።

ዘመኑ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነበር፤ ስንት እንደነበሩ ብጠየቅ ግን በእርግጠኝነት መመለስ አልችልም። በደንብ የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ ይሸጥ እንደነበር ነው። ቦንጋ ባጃጅ አታውቅም፤ ቁልቁለቱም ዳገቱም የእግር ነበር። ሴቱ ሁሉ የላስቲክ ጫማ ይጫማል፤ ቀዩ ጭቃ ሲይዘው በውኃ ለቅለቅ ማድረግ ነው፣ አዲስ ይሆናል። እሑድ ቀን ግን ጫማው በሳሙና ይታጠብና ከጓሮ አጥር ላይ ተሰቅሎ ያድራል፤ የማን ቤት ስንት ሴት ልጅ እንዳለ አጥሩን አይቶ ማወቅ ይቻል ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ አዲስ ዘፈን በመጣ ቁጥር ድምፁን ለቆ ያሰማንና ልክ መሐሉ ላይ ሲደርስ ያጠፋዋል፤ ቀሪውን የፈለገ ካሴቱን ይግዛ ነው ነገሩ። ስለዚህ እኔና እኩዮቼ የዚያን ዘመን ዘፈኖች የምናውቃቸው እስከ ግማሻቸው ነው። እስከ ዛሬ ሠርግ ቤት ሲዘፈኑ ከመሐል በኋላ ያለውን የምዘፍነው ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ነው።

ከካሴት ቤቱ ትንሽ ወረድ ብሎ የእትዬ ዘነበች ሻይ ቤት ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል። እትዬ ዘነበች ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ሲመደቡ ከጎጃም አብረው መጥተው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናቸው ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ ዳንቴል ለብሷል። አንቴናው ከጓሮ በረጅም ቀርቀሃ ላይ ታስሮ የቆመ ሲሆን ጉም ሲወርድ ሥዕሉ ይጠፋና በረዶ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ወጥቶ ቀርቀሃውን ማዞር አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ላስቲክ ተከናንቤ በግድግዳው በኩል «ትንሽ ወደ ገበያው! በዛ! መልሺው!» እየተባልኩ ስንቱን እሑድ እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ።

የምንመለከተው ድራማ እውነተኛ ስሙ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ። ሁላችንም የምንጠራው «የግቢው ሴቶች» ብለን ነው። እሑድ ከሰዓት ይተላለፋል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ የሦስት ሴቶች ታሪክ ነው። አንደኛዋ፣ ሙሉ፣ ታክሲ ትነዳለች፤ ወንዶቹ ሾፌሮች ቢነካኳትም ተራዋን አሳልፋ አትሰጥም። ትርሲት ነርስ ናት፤ ትቆጣለች፣ ግን ቁጣዋ ሁልጊዜ ሰው ከማብላት ጋር ነው። ሦስተኛዋ ሽታዬ ከገጠር ለትምህርት የመጣች ልጅ ናት። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን ያየናቸው ሴቶች ወይ በር ላይ ቆመው ባል የሚጠብቁ ወይ የሚያለቅሱ ነበሩ። እነዚህ ሦስቱ ግን ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሲቸግራቸው አንድ ወጥ ለሦስት ያብቃቃሉ፤ ወንድ ሳይጠቀስ አንድ ሙሉ እሑድ የሚያልፍበት ጊዜም ነበር። ሙሉ መሪውን በአንድ እጇ ስታዞር ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ባለ ቀለምም፣ ባለ ዲሽም ብዙ ድራማ አይቻለሁ፤ የሁለት እህትማማቾችን የስፌት ቤት ታሪክ ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ እንደ እነዚያ ሦስቱ የወደድኩት ግን የለም።

ሻይ ቤቱ ውስጥ አቀማመጡ በቋንቋ ነበር። ከፊት አማርኛ የሚያውቁት፣ የአስተማሪና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሚስቶች ይቀመጣሉ። ከኋላ ካፊኖኖ ብቻ የሚናገሩት፣ ከገበያና ከዳር ሰፈር የሚመጡት እናቶች አሉ። በመሐል፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ጓደኛዬ አስቴር ትቆማለች። አስተርጓሚዋ እሷ ናት። አንድ ዓይኗ ሥዕሉ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ሴቶቹ ላይ ሆኖ፣ የሙሉን ድምፅ ወፈር፣ የትርሲትን ቀጠን እያደረገች ታወርድላቸዋለች። መጀመሪያ አካባቢ ችግር ተፈጥሮ ነበር። ፊት ያሉት ቀልዱን ቀድመው ሰምተው ሲስቁ ኋላ ያሉት «በእኛ ነው የሚስቁት» ብለው ተቀየሙ። ያኔ እትዬ ዘነበች አንድ ደንብ አወጡ፦ አስቴር ተርጉማ ሳትጨርስ በዚህ ቤት ማንም አይስቅም። የሳቀች የሻይዋን ዋጋ እጥፍ ትከፍላለች። ስለዚህ ፊት ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይጠብቃሉ። አስቴር ስትጨርስ ቤቱ በአንድ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ተጠባብቆ የሚሳቅ ሳቅ ከደረት ነው የሚወጣው።

የአስቴር እናት እትዬ ወርቄ ከኋለኞቹ መሐል ነበሩ። ኮረሪማና ማር ይነግዳሉ፤ ባላቸው በሕይወት የሉም። በዚያ ዓመት እኔና አስቴር ፈተናችንን አልፈን ጅማ ለሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ስማችን ወጥቶ ነበር፤ ያኔ እዚህ ኮሌጅ ገና አልተከፈተም። የእኔ ነገር ብዙም አላሳሰበኝም ነበር፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነ እዚያው ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁልፍ እየተከልኩ እንደምቀር ለራሴ ነግሬው ነበር። አስቴር ግን መምህርት ካልሆነች ሌላ ምንም መሆን አትፈልግም። ችግሩ ሺሺንዳ የምትኖረው አክስቷ ናት። ጨርቅ ቤት ከፍታ ስለነበር «ልጅቷን ስጪኝ፣ ሱቁን ትያዝልኝ» ብላ ለእትዬ ወርቄ በየአውቶቡሱ መልእክት ትልካለች። እትዬ ወርቄ እሺም እምቢም አላሉ። አንድ እሑድ ከሻይ ቤቱ ስንወጣ አስቴር «እማዬ፣ ምዝገባው እየደረሰ ነው፤ ምን ወሰንሽ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«የዚያችን ልጅ መጨረሻ ልይና እነግርሻለሁ» አሉ።

«የየትኛዋን ልጅ?»

«የሽታዬን ነዋ። እሷም ለትምህርት ብላ ከአገሯ ወጥታ አይደል የሄደችው? እንዴት እንደምትሆን እንይ።»

አስቴር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ያንቺ ዕጣ በድራማዋ ልጅ ውጤት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ቀልድ ይመስላል፤ እትዬ ወርቄ ግን አይቀልዱም ነበር። ከቤቷ ወጥታ የተማረች ሴት ልጅ በቅርብ የሚያውቁት ሌላ አልነበራቸውም። ሽታዬን በየሳምንቱ ያዩአታል፣ ምን እንደምትበላ ያውቃሉ፣ ስታስል ይጨነቃሉ። ከአክስትየዋ ወሬ ይልቅ የሚያምኑት እሷን ነው።

ድራማው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሽታዬ ፈተና ውጤት ተለጠፈ። ያን ቀን ጉም ነበር፤ እኔ ከቀርቀሃው ስር ነኝ። ከግድግዳው በስተጀርባ የቴሌቪዥኑም የአስቴርም ድምፅ ይሰማኛል። ሽታዬ በአማርኛ «ወድቄያለሁ» ስትል በደንብ ሰማሁ። ቀጥሎ አስቴር በካፊኖኖ «ሁለተኛ ወጣሁ» አለች። ቀርቀሃው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«ከደስታ ብዛት ነው፣ እማዬ።»

ኋላ ያሉት እናቶች እልል አሉ። ፊት ያሉት ዞረው አስቴርን ተመለከቷት፤ እትዬ ዘነበች ጉሮሯቸውን ጠርገው «ወደ ፊት እዩ» አሏቸው። ሁሉም ወደ ሥዕሉ ተመለሱ። ሲያልቅ ግን እትዬ ዘነበች አስቴርን ወደ ጓዳ ጠሯት። ላስቲኬን እያራገፍኩ ስለገባሁ ሰማሁ።

«የሚቀጥለው እሑድ ምን ልትያቸው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። እስከዚያ ታልፍ ይሆናል።»

«ውጤት ከተለጠፈ በኋላ?»

«ስህተት ነበር ሊባል ይችላል። በኛ ትምህርት ቤት ተብሎ ያውቃል።»

እትዬ ዘነበች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ግን አልተቆጧትም። ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልለው ሰጧትና ሸኙን።

የመጨረሻው እሑድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለነበር ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰው በር ላይ ድረስ ቆሟል፤ መስኮቱ በውጭ በኩል በሰው ራስ ተሞልቶ ብርሃን አያሳልፍም። ድራማው ሲጀምር ሽታዬ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ለማንም ሳትናገር ወጣች። መናኸሪያ ደርሳ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች፤ ታለቅሳለች። ይህን አስተርጓሚ ሊለውጠው አይችልም።

እትዬ ወርቄ ከኋላ «ሁለተኛ የወጣች ልጅ ምን ሆና ነው ሻንጣ የያዘችው?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ዘነበች ከፊት ሆነው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለዕረፍት አገሯ ልትሄድ ነው በያቸው» አሏት። አስቴር ለአፍታ እሳቸውን፣ ከዚያ እናቷን አየች። ቀጥሎ የተናገረችው በካፊኖኖ ነው።

«ወድቃ ነው። ባለፈው እሑድም ወድቃ ነበር። ያሳለፍኳት እኔ ነኝ።»

ኋላ ካሉት አንዲት እናት ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። የሻይ ቤቱ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለበጠ፤ አሁን ግራ የተጋቡት ፊት ያሉት ነበሩ። «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ተነስቼ በአማርኛ ነገርኳቸውና ሳቁ ለሁለተኛ ጊዜ ከፊት ተነሣ። ያልሳቁት እትዬ ወርቄ ብቻ ናቸው። አስቴር አንገቷን ደፍታ ትርጉሟን ቀጠለች።

ሙሉ ታክሲዋን መናኸሪያው በር ላይ አቆመች። ትርሲት ከነነርስ ልብሷ ወርዳ አውቶቡስ በአውቶቡስ ፈለገች። ሽታዬን ሲያገኟት አልመከሯትም፣ አልሰደቧትም። አንዷ ሻንጣዋን ያዘች፣ አንዷ እጇን። ግቢው ሲደርሱ እራት ቀርቦ ነበር። ቀጥሎ ባለው ትዕይንት ሽታዬ እንደገና ለመመዝገብ ወረፋ ላይ ቆማ ታየች፤ ሁለቱ አጠገቧ ናቸው። ድራማው እዚያ ላይ አለቀ።

እትዬ ወርቄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «እነዚህ ሁለቱ ሥጋ ዘመዶቿ ናቸው?»

«አይደሉም፣ እማዬ። አብረዋት የሚኖሩ ናቸው።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ እትዬ ወርቄ ከፊታችን፣ እኛ ከኋላቸው ነበርን። አስቴር እንደምትገሠጽ እርግጠኛ ስለነበረች ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች። የገበያው ጥግ ስንደርስ ቆሙ።

«መውደቁን አልፈራውም» አሉ። «እኔም ኮረሪማ አስጭኜ ሄጄ ከስሬ ተመልሼ አውቃለሁ። የምፈራው ያቺን ሻንጣዋ ላይ ብቻዋን ቁጭ ያለችውን ነው። አንቺ ጅማ ላይ እንዲያ ብትሆኚ የሚያነሣሽ ማን ነው?»

እትዬ ወርቄ ወደኔ ዞሩ።

«አንቺስ? ስምሽ ወጥቶ የለም? ትሄጃለሽ?»

«አባዬን አልጠየቅሁትም» አልኩ።

«አንቺ ባትጠይቂ የሚጠይቅ አይጠፋም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ምን ማለታቸው እንደነበር የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። አባቴ ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ የአንድ ሰው ሱሪ ያጠብባል፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። እትዬ ዘነበች፣ እትዬ ወርቄና ሌሎች ሁለት የሻይ ቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በሩን ሞልተው ገቡ። እትዬ ዘነበች ጃንጥላቸውን እንደ ሽማግሌ ከዘራ ተደግፈውታል። አባቴ ወንበር ቢያቀርብ አንቀመጥም አሉ።

«ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው፣ ጋሽ ታደሰ። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ እትዬ ዘነበች።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። «ሽማግሌ የሚሆን ወንድ ጠፍቶ ነው?»

«ወንዶቹ ሥራ ላይ ናቸው።»

«መልካም። ልጁ የማን ልጅ ነው?»

«ልጅ የለም።»

«ያለ ሙሽራ ነው የምትጠይቁኝ?»

«የምንጠይቅህ ለትምህርት ነው» አሉ እትዬ ወርቄ በሚችሉት አማርኛ። «የኔ ልጅ ብቻውን አይሄድም። ያንተ ከሄደ ይሄዳል።»

በዚህ መሐል እናቴ ከጓዳ ወጥታ፣ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ ሄዳ ከሴቶቹ ጎን ቆመች። አባቴ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ደግሞ በየትኛው በኩል ነሽ?»

«ከጠያቂዎቹ ነኝ።»

እኔ መርፌው ጣቴን ወግቶኝ እንኳ አልታወቀኝም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መሄድ እንደምፈልግ ራሴም አላውቅም ነበር። ከሴቶቹ ኋላ፣ ደጅ ላይ፣ አስቴር ቆማ ታየችኝ፤ ዓይኗ አባቴ ላይ ነው። እሱ እምቢ ቢል ሁለታችንም ቀርተናል፤ እኔ ከቁልፌ፣ እሷ ከአክስቷ ጨርቅ ቤት።

አባቴ ወግ አጥባቂ ሰው ስለሆነ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። «ዘመድ ላማክር፤ ለእሑድ ተመለሱ» አላቸው። እናቴ «ዘመዱ እኔ አይደለሁም?» ብትለው «አንቺማ ተሻግረሻል» አላት። ሴቶቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም። አባቴ ማታ ማታ እኔን ቀድመሽ ተኚ ይለኝና የስፌት መኪናው ሲንኳኳ እሰማለሁ።

የተመለሱት እሑድ ከሰዓት፣ በድራማው ሰዓት ነው። ድራማው ስላለቀ ሁሉም ሥራ ፈትቶ ስለነበር አራት ሆነው የሄዱት ሴቶች አሥር ሆነው መጡ። ቤታችን አልበቃቸው ብሎ ግማሾቹ ደጅ ቀሩ። አስቴርንም ይዘዋት መጥተዋል። እትዬ ዘነበች መልሱን ለመጠየቅ አፋቸውን ከፍተው ቆም አሉ። ግድግዳው ላይ ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ሁለት ሰማያዊ ጉርዶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ በእኔ ልክ ነው፣ ሌላው ረዘምና ጠበብ ያለ። ሴቶቹ ተራ በተራ ዳሰሷቸው።

«የአስቴርን ልክ ከየት አገኘኸው?» አለች እናቴ። «ልጅቷ እዚህ ቤት ተለክታ አታውቅም።»

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካከለ። «ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ ነው የማያት» አለ። «ልክ ለማወቅ መለካት አያስፈልገኝም።»

«አንተ ደግሞ የት ሆነህ?»

«በመስኮት።»

እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀበሩ። አባቴ ግን አላፈረም፤ እንዲያውም ወንበሩን ወደ አስቴር አዞረ።

«የመጨረሻውን እሑድ ደንበኛ ይዞኝ አልመጣሁም። ያቺ ሽታዬ እንዴት ሆነች?»

ሁሉም አስቴርን ተመለከቷት። እሷም እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ቆማ በአማርኛ ነገረችው።

«ወደቀች። ብቻዋን ልትሄድ ስትል ጓደኞቿ ከመናኸሪያ መለሷት። እንደገና ተመዘገበች። ትለፍ አትለፍ አላሳዩንም።»

አባቴ ረዘም ያለውን ጉርድ ከግድግዳው አወረደው፤ የተረፈውን ክር በጥርሱ በጠሰና ሰጣት።

«ለኪው» አላት።